ለአንድ የኪሮሽ ቀንድ አውጣ የትኛው ክር ይሻላል?

ባለፈው ክረምት ጎረቤቴ የልጇን አሻንጉሊት ይዛ መጣች። እኔው የሰራሁላት ቀንድ አውጣ ነው። ታጥቦ አራት ቀን ገመድ ላይ ቆይቷል። ከላይ ሲነኩት ደረቅ ነው። ሲጨምቁት ግን ከሆዱ ውሃ ይወጣል። «እታለም፣ ይሄ ነገር ሸተተኮ» አለችኝ። ተቀብዬ አሸተትኩት። እውነቷን ነው፤ እርጥብ ጆንያ ይሸታል።

ስፌቱ ምንም አልሆነም ነበር። ጥፋቱ የእኔ የግዢ ጥፋት ነው። በጥጥ ክር ሰርቼ፣ ሆዱን በጥጥ ጠቅጥቄ፣ በነሐሴ ደሴ ላይ ይደርቃል ብዬ ሰጥቻታለሁ። ደሴን እያወቅኋት!

ከዚያ እልህ ያዘኝ። ያንኑ ቀንድ አውጣ፣ በዚያው ቁጥር፣ በአምስት ዓይነት ክር ሰራሁት። አጠብኳቸው። ልጆች እንዲያኝኳቸውና እንዲጎትቷቸው ሰጠኋቸው። ሁለቱን ኮምቦልቻ እህቴ ዘንድ ላክሁ። የምጽፍላችሁ ከእነሱ ያየሁትን ነው። የክር ፋብሪካ ስም አልጠራም። ገበያ ላይ ብዙው ክር ወረቀቱ ወድቆ ነው የሚገኘው፤ ስሙን ብታውቁትም አይጠቅማችሁም። ዋጋም በብር አልጽፍም። ዛሬ የጻፍኩት ቁጥር ለሚቀጥለው ሰኞ ገበያ ያረጃል። ርካሽ፣ መካከለኛ፣ ውድ እያልኩ አልፈዋለሁ።

ስራው ምን ይመስላል

በኪሮሽ ትናንሽ አሻንጉሊት መስራት ከጃፓን የተስፋፋ ነው፤ እነሱ አሚጉሩሚ ይሉታል። እናቶቻችን ቴሌቪዥኑንም ሶፋውንም በዳንቴል ያለበሱበት ቤት ላደገ ሰው አዲስ አይሆንም። ዳንቴል የለመደ እጅ ግማሹን ያውቀዋል። አንድ ነገር ግን ይገለበጣል። የዳንቴል ውበቱ ቀዳዳው ነው። እዚህ ቀዳዳ ጠላት ነው፤ የሆዱ ዕቃ የሚወጣው በእሱ ነውና።

ክሩን ቀለበት ታደርጉና 6 ስፌት ትሰሩበታላችሁ። በሁለተኛው ዙር እያንዳንዱ ላይ ሁለት ሁለት፤ 12 ይሆናል። ሦስተኛው ዙር 18 ነው፣ አራተኛው 24። ከዚያ ሳትጨምሩ ሳትቀንሱ ትዞራላችሁ። ሆዱን ሞልታችሁ፣ እየቀነሳችሁ ጭራውን ታሾሉታላችሁ። ስፌቱ አጭሩ ነው፦ ኪሮሹን ማስገባት፣ ክሩን መሳብ፣ ክሩን ደግሞ ጠምጥሞ ሁለቱን ቀለበት በአንዴ ማውጣት። 10 ሴንቲ ሜትር የምታህል ቀንድ አውጣ፣ ቅርፊቷን ጨምሮ፣ መካከለኛ ውፍረት ካለው ክር ከ50 ግራም ብዙም አትበልጥብኝም።

ለዳንቴል የምንይዘው ቀጭኑ የብረት ኪሮሽ እዚህ አይሆንም። 2.5 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ይበቃል፤ ቁጥሩ እጀታው ላይ አለ። የክሩ ወረቀት ካለና ኪሮሹን «4» የሚል ከሆነ፣ እናንተ 3 ያዙ። ወረቀቱ የሚያስበው ሹራብ ነው። ሹራብ ልል መሆን አለበት፣ አሻንጉሊት ግን ጠበቅ ማለት አለበት።

ሱቅ ከመግባታችሁ በፊት

እኔ አምስት ጥያቄ እጠይቃለሁ። የመጀመሪያው ማን ይይዘዋል የሚለው ነው። ጥርስ የሚያወጣ ሕፃን ከሆነ ወደ አፉ ይሄዳል፤ ስለዚህ ክሩ ጸጉር የማይለቅ፣ ቀለሙ የማይወርድ ይሁን። መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ ከሆነ ግን ይሄ ሁሉ ጭንቀት ቀረ።

ሁለተኛው የት ይደርቃል ነው። ይህን ሌላ ቦታ የሚጽፉ ሰዎች ሲጠይቁት አላየሁም፤ እኛ ግን መጠየቅ አለብን። ደሴና ኮምቦልቻ በመኪና 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የሚራራቁት። የሐረጎን ቁልቁለት ጠምዘዝ ጠምዘዝ ብላችሁ ስትወርዱ ግን አገር ይቀየራል። ከፍታው 600 ሜትር ያህል ይቀንሳል፣ ጃኬት ይወልቃል። የጦሳ ተራራ ጉም ሲለብስ ደሴ ላይ አንድ ካልሲ ለማድረቅ ፀሎት ያስፈልጋል። እህቴ ቤት ኮምቦልቻ ያ ካልሲ ጠዋት ተሰጥቶ ከሰዓት ይነሳል። ስለዚህ ለአንዷ ከተማ ጥሩ የሆነ አሻንጉሊት ለሌላዋ ላይሆን ይችላል። (በነገራችን ላይ ሐረጎ ላይ ሚኒባስ ውስጥ ኪሮሽ አትስሩ። ሞክሬዋለሁ። 18 ስፌት የነበረው ዙር ኮምቦልቻ ስንደርስ 23 ሆኖ አገኘሁት።)

ሦስተኛው፣ ስፌቱ ይጠጋል ወይስ ቀዳዳ ይተዋል? አራተኛው፣ ሲሳሳቱ ይተረተራል? ጀማሪ ከሆናችሁ ይሄ ከዋጋው ይበልጣል፤ የመጀመሪያዋን ቀንድ አውጣ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ታፈርሷታላችሁ። አምስተኛው ወጪው ነው። ክሩ ርካሽ ሆኖ ግማሹ የሚጣል ከሆነ ርካሽ አይደለም።

አንድ የወሎ ጥያቄም ልጨምር። ቤታችሁ ቡና ይፈላል? ከሰል ይጤሳል? ልጁ የሚጫወተው ረከቦቱ አጠገብ ነው? ለምን እንደጠየቅሁ ቆይታችሁ ታዩታላችሁ።

የሹራብ ክር፣ ማለትም አክሪሊክ

ሱቅ ገብታችሁ «የሹራብ ክር» ስትሉ ብዙ ጊዜ የሚሰጣችሁ ይሄ ነው። ሰው ሰራሽ ነው። «ሱፍ ነው» ይሏችኋል፤ አብሽሩ፣ ሱፍ ባይሆንም ክፉ አይደለም።

ዋጋው ከአዲስ ክሮች ሁሉ ዝቅተኛው ነው። ቀለሙ የፈለጋችሁት ዓይነት አለ። ቀላል ነው፣ ትንሽ ስለሚሳብ እጅ አያደክምም። ስፌቱ ወፈር ብሎ ቀዳዳውን ይሸፍናል። ቢሳሳቱ ያለ ጣጣ ይተረተራል። ከሁሉም የወደድኩለት ውሃ አለመጠጣቱ ነው። በሐምሌ አጥቤው ደሴ ላይ በማግስቱ ደረቀ። ከአምስቱ አንደኛ ወጣ።

ጉድለቱ ሁለት ነው። አንዱ ጥቃቅን ድቡልቡል ማውጣቱ ነው። ልጅ ሲያሸው ከሦስት ወር በኋላ አሮጌ ሹራብ ይመስላል። ጠምዘዝ ያለና ጠንከር ያለ ክር ከመረጣችሁ ይቀንሳል። በሁለት ጣታችሁ መካከል ለአንድ ደቂቃ እሹት፤ ሱቅ ውስጥ ጸጉር ካወጣ ቤት ውስጥ ይብሳል።

ሁለተኛው ጉድለት እሳት ነው። ቡና እየተቆላ አንዲት ፍም ፈናጥራ ቀንድ አውጣው ቅርፊት ላይ አረፈች። ክሩ ቀለጠ። ጫፉ እንደ ፕላስቲክ ደርቆ ጠቆረ፣ መሃሉ ላይ ቀዳዳ ቀረ። ያንኑ በጥጥ ክር ቁራጭ ሆን ብዬ ሞከርኩት፤ ጠቁሮ አመድ ሆነ እንጂ አልቀለጠም። ሁለቱም ይቃጠላሉ፣ አትሳሳቱ። የቀለጠው ግን ቆዳ ላይ ይጣበቃል። አክሪሊክ ካውያ አይነካውም፣ ረከቦትም ይራቀው።

ኮምቦልቻ ያለችው እህቴ ደግሞ ሌላ ስሞታ አላት። እጇ ሲያልበው ክሩ ኪሮሹ ላይ ይይዛል፣ ሲጥ ሲጥ ይላል። ደሴ ብርድ ላይ ይህን አላየሁም።

የፋብሪካ ጥጥ ክር

ጥጥ አይሳብም። ይሄ በጎም ክፉም ነው። በጎነቱ፣ የሰራችሁት ቅርጽ ሳይዛባ ይቆያል፤ ስፌቱ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ጸጉር አይለቅም። ሕፃን ቢያኝከው ብዙ አይሆንም። ክፉነቱ ጣት ያማል። ጠበቅ አድርጋችሁ ስትሰሩ ክሩ አይታዘዝላችሁም፤ ሁለት ሰዓት ከሰራሁ በኋላ አውራ ጣቴን ማሸት አለብኝ። ጀማሪ ስፌቱ እኩል ካልሆነለትም ጥጥ ይቅር አይልም፤ ሁሉንም ያሳያል።

ውፍረቱን ተጠንቀቁ። የዳንቴል ጥጥ በጣም ቀጭን ነው። በእሱ ብትሰሩ አውራ ጣት የምታህል ቀንድ አውጣ ትወጣላችኋለች። ቆንጆ ናት፤ ለቁልፍ መያዣ ትሆናለች። ለልጅ ግን ትዋጣለች ብዬ እፈራለሁ። ያላችሁ የዳንቴል ክር ብቻ ከሆነ ሦስት ወይም አራት ደርባችሁ ስሩ። ኪሮሹ አንዱን እንዳይስት ዓይናችሁን አትንቀሉ።

ቀለም ላይ ደግሞ የራሴን ጉድ ልንገራችሁ። ክሬም አካል ላይ ቀይ ቅርፊት ሰፋሁ። አንዴ ታጠበና አካሉ ሮዝ ሆነ። ቀንድ አውጣው ያፈረ መሰለ። አሁን ከመጀመሬ በፊት አንድ ክንድ ክር አርሼ፣ በነጭ ጨርቅ ጨምቄ አየዋለሁ። ጨርቁ ቀለም ከያዘ ያ ክር ለነጭ ጎረቤት አይሆንም። ቀይ፣ ጥቁርና ጥቁር ሰማያዊ ላይ በተለይ አትስነፉ።

ማድረቁ እንዳልኳችሁ ነው። ኮምቦልቻ ከሆናችሁ ጥጥን ያለ ሐሳብ ግዙ፤ ለሙቀትም ለላብም ይመቻል። ደሴ ከሆናችሁ ጥጥ ክር ትችላላችሁ፣ ሆዱ ግን ጥጥ አይሁን። እኔን ያዋረደኝ ሁለቱ አንድ ላይ መሆናቸው ነው።

ከሳልቫጅ ሹራብ የተተረተረ ክር

ይሄን ሳወራ ዓይኔ ይበራል። አንድ የአዋቂ ሹራብ ከሳልቫጅ ገዝታችሁ ብትተረትሩ ክሩ ለአምስት ስድስት ቀንድ አውጣ ይበቃል። ክሩም ብዙ ጊዜ አዲስ ከምንገዛው ይሻላል። አንዳንዴ እውነተኛ ሱፍ ይወጣል፤ አንዳንዴ ጥሩ ጥጥ።

ሚስጥሩ ያለው ምርጫው ላይ ነው። ሹራቡን ገልብጡና የጎኑን ስፌት እዩ። ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ፣ የፊቱና የኋላው ጠርዝ እንደ ሰንሰለት በክር ብቻ የተያያዘ ነው። ያንን ክር ስታገኙት ሹራቡ ተበትኖ ከላይ እስከ ታች በአንድ ረጅም ክር ይተረተራል። ሌላው፣ ጠርዙ በመቀስ ተቆርጦ በኦቨርሎክ፣ በጠርዝ መስፊያ መኪና፣ የተዘጋ ነው። እሱን አትግዙ። እያንዳንዱ መስመር ጎኑ ላይ ተቆርጧል፤ ስትተረትሩት የአንድ ክንድ ቁራጭ፣ ደግሞ የአንድ ክንድ ቁራጭ ነው የምታገኙት። እኔ የመጀመሪያውን ሹራቤን እንዲሁ ቀለሙን ብቻ አይቼ ገዛሁ። ሲበተን ለአሻንጉሊት ሆድ መሙያ ሆነ፤ ለሌላ አልሆነም።

የተተረተረው ክር እንደ ፈላ ኑድልስ ይጠመዘዛል። ወንበር ጀርባ ላይ ጠምጥሙት፣ በአራት ቦታ ልል አድርጋችሁ እሰሩት፣ ለብ ባለ ውሃ እጠቡት፣ ከታች ቀለል ያለ ነገር አንጠልጥላችሁ አድርቁት። ቀጥ ይላል። ያለዚህ ስፌቱ እኩል አይሆንም። ጊዜ ይበላል፣ አልዋሽም። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሄደ በሉ።

ተባይ እንዳያመጣባችሁ ሹራቡን ሳትተረትሩ በፊትም እጠቡት። የብል ቀዳዳ ካለበት ተዉት፤ ቀዳዳው ባለበት ሁሉ ክሩ ተበጥሷል።

ፈትል

አምስተኛዬን ከመናገሬ በፊት ስለ ፈትል ልበል። አክስቴ አሁንም እንዝርት አትጥልም። አንድ ልቃቂት ማግ ሰጠችኝ። ድር ጠንከር ተደርጎ ይፈተላል፤ ማግ ልልና ወፈር ያለ ነው። ለጋቢ የሚሞቀው ማጉ ነው። ለቀንድ አውጣም ያማረው እሱ ነው፤ ነገር ግን ብቻውን ሲጎተት ይበጠሳል። ሁለት ደርቤ ሰራሁት። የወጣው ነገር ከሌሎቹ አይወዳደርም። ውፍረቱ እዚህ ሰፋ እዚያ ጠበብ ስለሚል ቅርፊቱ እውነተኛ ቅርፊት መሰለ። ቀለም ሳይገባበት፣ በጥጡ ነጭነት ተውኩት።

ግን ሐቁን ልንገራችሁ፤ ሁለት ጊዜ ከታጠበ በኋላ ሻከረ፣ ቅርጹም ተጨራመተ። ሲሳሳቱ መተርተርም ይከብዳል፤ ክሩ እየተበታተነ እጅ ላይ ይቀራል። የሴት እጅ ስንት ቀን እንደደከመበት ካሰባችሁት ከሁሉም ውዱ እሱ ነው። መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ። ውጭ አገር ላለች እህት የሚላክ ከሆነ ግን ሌላውን ሁሉ እርሱትና ፈትል ስሩላት።

የበግ ጸጉር

አጭር ነው የምለው። ባና የሚሰራበት የደጋ በግ ጸጉር ክር ሻካራ ነው፣ ልጅ ያሳክካል፣ በደንብ እስኪታጠብ በግ በግ ይላል። በሙቅ ውሃ ከታሸ ይኮማተርና እንደ ምንጣፍ ይጠጥራል። እኔ ሳላውቅ አጥቤው ቀንድ አውጣዬ ግማሽ ሆነ። የሚገርመው ግን ቀዳዳዎቹ ሁሉ ተዘጉ፣ አማረም። ብል ይወደዋልና ሣጥን ውስጥ አትርሱት። ለሕፃን አይሆንም።

ወረቀት የሌለውን ክር እንዴት እንለየው?

አንድ ጣት የሚያህል ክር ቁረጡ። በወረንጦ ይዛችሁ፣ ከበታች ውሃ ያለበት ሳህን አድርጋችሁ፣ ክብሪት አስጠጉለት። ወረቀት ወረቀት ከሸተተና ለስላሳ ግራጫ አመድ ከተወ ጥጥ ነው። የተቃጠለ ጸጉር ከሸተተና እሳቱ ሲርቅ ቶሎ ከጠፋ ሱፍ ነው። ከቀለጠና ጠንካራ ጥቁር ጠብታ ከተወ ሰው ሰራሽ ነው። ቅልቅል ከሆነ ሁለቱንም ያሳያችኋል። ይህን ቤታችሁ ስሩት እንጂ ባለሱቁ ፊት አይሁን፤ በክብሪት ሱቅ የገባ ደንበኛ አይወደድም።

ሆዱ ውስጥ ምን ይግባ?

ፋይበር። አሮጌ ትራስ ካላችሁ ውስጡን እዩት፤ ነጭ፣ ቀላል፣ ሲጫኑት ተመልሶ የሚነሳ ከሆነ እሱ ነው። ውሃ አይዝም፣ ቶሎ ይደርቃል፣ አይጓጉልም። እጠቡትና በትናንሹ እየበጣጠሳችሁ ክተቱት። አንድ ትራስ ለአንድ መንደር ቀንድ አውጣ ይበቃል።

ጥጥ ሲታጠብ ይጓጉላል፣ ውሃ ይዞ ይቀመጣል። የክርና የጨርቅ ቁርጥራጭ ነጻ ነው። የካልሲ ኳስ ሰርቶ የማያውቅ የለምና ሁላችንም እናውቀዋለን። ጎርበጥባጣ ያደርጋል፤ ጥቁር ቁራጭ ደግሞ በነጭ አካል ውስጥ አሻግሮ ይታያል። በጣም ደቃቅ አድርጋችሁ ከቆረጣችሁት ይሻሻላል። የፍራሽ ስፖንጅ ግን ከጊዜ በኋላ ይፈረፈራል፤ አልወደውም። ክብደት እንዲኖረው ሩዝ ወይም ምስር የሚከቱ አሉ። ሲታጠብ ምን እንደሚሆን አስቡት፤ ካልታጠበ ደግሞ አይጥ አለች። ፌስታልም አትክተቱ፤ ስፌቱ ቢፈታ የልጅ አፍ ላይ ይደርሳል።

ቅርፊቱ፦ ጥቅል ወይስ ሁለት ክብ?

ጥቅሉ እንዲህ ነው። ረጅም ጠባብ ቁራጭ ትሰሩና እንደ ምንጣፍ ጠቅልላችሁ ትሰፉታላችሁ። ጥምዝምዙ ራሱ ይወጣል፣ ሆድ መሙላት አያስፈልገውም። ክር ግን ይበላል፤ ጥቅጥቅ ስለሆነ ለመድረቅም ሰነፍ ነው። ሁለተኛው፣ 6፣ 12፣ 18፣ 24፣ 30 እያላችሁ ሁለት ክብ ሰርታችሁ፣ ፊትና ኋላ ገጥማችሁ፣ መሃሉን ሞልታችሁ መስፋት ነው። ጥምዝምዙን ከላይ በሌላ ቀለም ክር ትጠልፉታላችሁ። ክር ይቆጥባል፣ ቶሎ ይደርቃል። ደሴ ላይ ለሚታጠብ አሻንጉሊት ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ለፈትሉ ግን ጥቅሉ ነው፤ ያን ውበት በክብ ማበላሸት ግፍ ነው።

የአብዛኞቹ ቀንድ አውጣዎች ቅርፊት ወደ ቀኝ የሚጠመዘዝ ነው። በግራ ጠቅልላችሁት ከሆነ ማንም አያውቅባችሁም።

ዓይን ላይ አልደራደርም። ከ3 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ የፕላስቲክ ዓይንም ቁልፍም አይሰፋም፤ ተነቅሎ ይዋጣል። በጥቁር ክር ጥለፉት። ቦታው ደግሞ ፊቱ ላይ ሳይሆን የረጃጅሞቹ ቀንዶች ጫፍ ላይ ነው፤ የየብሱ ቀንድ አውጣ የሚያየው በዚያ ነው። ልጆች ይህን ከኛ በላይ ያውቃሉ። አንዱ «ዓይኑ ተሳስቷል» ብሎ መልሶልኛል።

በአንድ እይታ

| ክር | ወጪ | ለሕፃን | ደሴ ክረምት ላይ መድረቅ | ለጀማሪ | ዋናው ችግር |
|---|---|---|---|---|---|
| አክሪሊክ | ርካሽ | ጸጉር ካልለቀቀ ይሆናል | ፈጣን | በጣም ጥሩ | እሳት ያቀልጠዋል፣ ድቡልቡል ያወጣል |
| የፋብሪካ ጥጥ | መካከለኛ | ከሁሉ የተሻለ | ዘገምተኛ | ከባድ | ጣት ያደክማል፣ ቀለሙ ሊወርድ ይችላል |
| የተተረተረ ሹራብ | በጣም ርካሽ | እንደ ክሩ ዓይነት | እንደ ክሩ ዓይነት | መካከለኛ | ጊዜ ይበላል |
| ፈትል | ውድ | አይመከርም | ዘገምተኛ | አይሆንም | ይበጠሳል፣ ሲታጠብ ይጨራመታል |
| የበግ ጸጉር | መካከለኛ | አይሆንም | ዘገምተኛ | አይሆንም | ያሳክካል፣ በሙቅ ውሃ ይኮማተራል |

እንግዲህ የትኛውን ትግዙ?

ኪሮሽ ይዛችሁ የማታውቁ ከሆነ አክሪሊክ ግዙ። ፈካ ያለ ቀለም ይሁን፤ ቢጫ ወይም ሰማያዊ። በጥቁር ክር የሚጀምር ሰው ስፌቱን አያየውም፤ ማታ መብራት ከጠፋ ደግሞ ጨርሶ አይሞከርም። የዙሩን መጀመሪያ በሌላ ቀለም ክር ምልክት አድርጉበት።

ለሕፃን ከሆነ የፋብሪካ ጥጥ ክር፣ ሆዱ ፋይበር፣ ዓይኑ በክር የተጠለፈ። ቅርፊቱን አካሉ ላይ ስትሰፉ ሁለት ጊዜ ዙሩበት። ቀንዶቹን ለብቻ ሰርቶ ከመስፋት ከራሱ ከጭንቅላቱ ላይ ቀጥሎ ማውጣት ይሻላል፤ ልጅ መጀመሪያ የሚጎትተው እነሱን ነው።

እጃችሁ አጥሮ ስጦታ ካሰባችሁ ሹራብ ፈልጉ፤ ጎኑን ማየት አትርሱ። እናንተ ኮምቦልቻ ሆናችሁ እጃችሁ የሚያልበው ከሆነ ጥጥ ነው። ለመሸጥ ከሆነ ደግሞ አካሉን በአክሪሊክ ስሩትና ከምን እንደተሰራ፣ ከእሳት እንዲርቅ፣ በለብ ባለ ውሃ እንዲታጠብ ለገዢው ንገሩ። ደሴ ላይ ገዢው መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ዋጋውን ነው። ሁለተኛው ጊዜ ሲመጣ ግን መድረቁን ነው የሚጠይቃችሁ።

ሦስት አራት ቀንድ አውጣ በአንድ ቀለም ካሰባችሁ ክሩን በአንድ ቀን፣ ከአንድ ካርቶን ግዙ። በሌላ ጊዜ የተነከረ ክር ያው ቀለም ቢባልም አንድ ዓይነት አይወጣም። ሱቅ ውስጥ አይታወቅም፤ በረንዳ ላይ ፀሐይ ሲያርፍበት ይጋለጣል።

የጎረቤቴን ቀንድ አውጣ ሆዱን ከፍቼ፣ ጥጡን አውጥቼ፣ ፋይበር ከተትኩበት። ክሩን አልቀየርኩም። በዚያው ጉም ታጥቦ በሁለተኛው ቀን ደረቀ። አሁን ሽታ የለውም። አንድ ቀንድ ግን የለውም፤ ልጁ ነቅሎ የት እንዳደረሰው አልተገኘም። ነገ ከሰዓት ሌላ እሰራለታለሁ፣ እንደምንም ያው ክር ትንሽ ተርፎኛል።